ከሰሙ ሥር ያለችው ፊደል

ከደብረ ማርቆስ ወጥተን አምበር እስክንደርስ ድረስ ማስታወሻ ደብተሬን አሥራ አንድ ጊዜ ከፍቼ አሥራ አንድ ጊዜ ዘግቼዋለሁ። የቆጠረው ሾፌሩ ጋሽ ደሴ ነው።

«ይታይሽ፣ ደብተሩ ውስጥ ጫጩት አስገብተሻል እንዴ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «ታመልጠኛለች ብለሽ ነው ቶሎ ቶሎ የምትዘጊው?»

ከፊት የተቀመጠው አስናቀ ሳቀ። እኔም ለይሉኝታ ያህል ፈገግ አልኩና ደብተሩን ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

ነገሩ የሆነው መንገዱ ክፍት በነበረበት፣ ሰው ጎጃምን ለጉብኝት ብሎ ያለ ስጋት በሚዞርበት ዓመት ነው። ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በከተማችን አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እመዘግብ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ብዙ አላወራም። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ በማታ ትምህርት ነው። በልጅነቱ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ እጁ ጣት ያያታል፤ ስላለችው አያስባትም። እኔ ግን እያንዳንዷን ያወቅሁባትን ቀን አስታውሳለሁ። ለዚህ ይሆናል፣ ሰው ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ሲያደባልቅ ሳይ የሚያሳክከኝ። ድምፃቸው ዛሬ አንድ ነው፤ ታዲያ ምን ለየው ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ፤ ይህ ሁሉ ታሪክ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው።

አስናቀ የቱሪዝም ባለሙያ ነው፤ ወጣት፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሁሉን ነገር ለጎብኚ እንዴት እንደሚሸጥ የሚያስብ። መሥሪያ ቤቱ በዞኑ ያሉ ታሪካዊ ቦታዎችን የሚያስተዋውቅ አነስተኛ መጽሐፍ ሊያሳትም፣ በየቦታውም የብረት ሰሌዳ ሊተክል አስቦ ነበር። የሁለት ቀን ጉዞ፣ ዘጠኝ ቦታ። «ጽሑፍ የማታበላሽ ሰው ስጡኝ» ብሎ ሲጠይቅ የእኔን ስም ሰጡት። የቦታዎቹን ዝርዝር አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖርልኝ ሰባተኛውን አነበብኩና ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

ሰባተኛው የአባቴ አጥቢያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጽፈውም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው አሉ። ማርያም ናት ብዬ ልለፈው፤ በጎጃም ስንት ማርያም እንዳለ ታውቃላችሁ።

አባቴ ምናለ ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት እየገፋ ነበር፤ የሚኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ከሌላው ሰው የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፦ ጧፍ አይዝም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ጧፉን አብርቶ ሲቆም እሱ ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ይቆማል። ልጅ ሳለሁ ጭሱ ዐይኑን ስለሚያቃጥለው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን የነገረኝ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አያቱ ወልደ ሐና የማርያምን መብራት ሰረቀ ተብሎ በብራና ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥቢያ የወልደ ሐና ዘር ጧፍ አይዝም። ማንም አይከለክላቸውም፤ ግን ማንም ጧፍ አይሰጣቸውም፤ ከሰጣቸውም ሰው ዞር ብሎ ያያል። አባቴ በሃያ ዓመቱ ሽማግሌ ልኮ «ጧፍ ለማይዝ ሰው ልጄን አልሰጥም» ተባለ። በሳምንቱ መሬቱን ጥሎ ወጣ፤ የሰው መሬት አራሽ ሆነ። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ገባሁ። ትምህርቴን ያዘገየው ያ ብራና ነው ማለት ነው። አባቴ ይህን ከነገረኝ ቀን ጀምሮ እኔም ጧፍ ይዤ አላውቅም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ልሄድ መሆኔን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሄደሽ ምን ልታደርጊ?»

«ብራናውን ላየው፣ አባዬ።»

«ስንት መምህር አይቶታል።»

«እኔ አላየሁትም።»

«እሺ» አለኝ በመጨረሻ። «ስምሽን ሲጠይቁሽ ግን እስከ እኔ ብቻ ጥሪ። ከእኔ ወዲያ እንዳታልፊ።»

በመጀመሪያው ቀን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ፣ የአንድ ባላባት ፍርስራሽ ግንብ፣ የሸማኔዎች መንደርና ሌሎችም ቦታዎች አየን። አየን ልበል እንጂ እኔስ አላየሁም። ድልድዩ ላይ ቆሜ የግንቡን ጠየቅሁ፤ ግንቡ ጋ ደርሰን «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩ። ሸማኔው ጥበቡን እያሳየኝ ሳለ የመኪናውን በር ከፍቼ ነበር። አምበር ላይ አንድ ምግብ ቤት በሩ ላይ ቁርስን በንጉሡ ሥ «ቁርሥ» ብሎ ጽፎት አየሁና ለአስናቀ ሳልነግረው አለፍኩ።

«እትዬ ይታይሽ፣ አሞሻል» አለኝ። «ስሕተት አይተሽ ዝም ስትዪ የመጀመሪያ ቀንሽ ነው።»

ከአስፋልቱ ተገንጥለን ጉንደ ወይን አደርን። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ገና ሳይሞቅ አስናቀ ወደ ኋላ ዞረ።

«የዛሬው ማርያም ዋናችን ናት። ስሚኝማ፤ "የብርሃን ሌባው ቤተ ክርስቲያን"። እንዴት ነው ለሰሌዳ?»

ደብተሬን ከፈትኩ። እሱም ታሪኩን ለጋሽ ደሴ ይነግረው ጀመር። በድሮ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ መብራት ነበረ፤ ወልደ ሐና የሚባል ሰው ሰረቀው፤ ካህናቱም ነገሩ እንዳይረሳ በተአምረ ማርያም መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በግእዝ ጻፉት።

«ደሴ፣ የሚገርምህ ዘሩ እስከ ዛሬ ጧፍ አይዝም! ለጎብኚ ይቺ ወርቅ ናት።»

«ለዘሩስ?» አለ ጋሽ ደሴ መሪውን እያዞረ።

«ምን ለዘሩ?»

«ለዘሩም ወርቅ ናት ወይ ነው የምለው።»

አስናቀ ሳቀ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ጋሽ ደሴን ያኔ አቅፌ ብስመው ደስ ባለኝ።

መኪናውን ከመንደሩ ትተን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ወጣን። ከጮቄ ተራራ በኩል ደመና እየወረደ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በወይራና በጽድ የተከበበ፣ ክብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ቅጽሩ ውስጥ ስገባ ዐይኔ የፈለገው መስቀሉን ወይም ደወሉን አይደለም። አባቴ ልጅ ሆኖ የቆመበትን ቦታ ነው። ያለ ጧፍ የሚቆሙት ከበሩ በስተ ግራ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር እንደነበር ነግሮኝ ነበር። ወይራው አለ። ሄጄ ከሥሩ ልቆም አሰብኩና ተውኩት።

መሪጌታ ጥበቡ ደጀ ሰላሙ በረንዳ ላይ ጠበቁን። ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ዐይናቸው ሞራ ለብሷል። መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አስወጥተው፣ በቀይ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አትሮንሱ ላይ አኑረውት ነበር።

«የጽሑፍ ሰው ናት» አለ አስናቀ እኔን እያስተዋወቀ። «ስሕተት አታሳልፍም።»

«ደግ። ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ይታይሽ ምናለ።»

«ምናለ ማን?»

አባቴ ከጀርባዬ የቆመ መሰለኝ። «ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ መሪጌታ» አልኩ።

ደኅናውን ዐይናቸውን ትንሽ ጊዜ እኔ ላይ አቆዩና ጨርቁን መፍታት ጀመሩ። መጽሐፉን እሳቸው ብቻ ናቸው የነኩት። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ አትሮንሱን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ለጎብኚ ሁሉ የሚያሳዩት ገጽ ስለሆነ ጠርዙ በመያዝ ብዛት ጠቁሯል። ከዋናው ጽሑፍ በተለየ እጅ፣ በደበዘዘ ጥቁር ቀለም፣ ሁለት መስመር ተጽፎበታል።

መሪጌታ ሳያዩት በቃላቸው አሉት፤ «ሰረቀ ብርሃነ በእደ ወልደ ሐና። መብራቱን ሰረቀ፣ በወልደ ሐና እጅ።»

እኔ ግን የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ቀርቻለሁ። ንጉሡ ሠ ናት። ሦስት ክንድ ወደ ላይ የዘረጋች፣ ሰፊዋ፣ ቁጭ ያለችው ሠ።

አሁን የታገሣችሁኝን ልንገራችሁ። በአማርኛ ሰረቀ ማለት ሌብነት ብቻ ነው። በግእዝ ግን ሁለት ቃል ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌብነት ነው። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ግን ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ነው፤ ፀሐይ ሠረቀ ይባላል፤ ምሥራቅ ያልነውም ከዚያ ነው። ጆሮ አይለያቸውም። የሚለያቸው ዐይን ነው። «ሠረቀ ብርሃን» ብሎ ቢሆንስ የጻፈው? ብርሃን ወጣ፤ በወልደ ሐና እጅ ብርሃን ወጣልን።

ወደ አትሮንሱ ተጠጋሁ።

«መሪጌታ» አልኩ። «በንጉሡ ሠ ነው የተጻፈው።»

«አይቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሠላሳ ዓመት በፊት አይቼዋለሁ። ጸሐፊው ፊደል አይለይም ብዬ አለፍኩት። ያስተማሩኝም እንደዚያው ብለውኛል።»

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ አስናቀ። ነገርኩት። ዐይኑ በራ፤ «ሌባ አይደለማ! እንዲያውም ለሰሌዳ ይሄ ይበልጣል!» አለ።

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ዐይኔ ግን ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ። «ሠላም ለኵልክሙ» ይላል። ሰላም በግእዝ በእሳቱ ሰ ነው፤ ይህ ሰው ግን በንጉሡ ጽፎታል። መሪጌታ እውነታቸውን ነው፤ ጸሐፊው ፊደል አይለይም። እንግዲህ ሠረቀ ያለውም ሰረቀ ለማለት ሊሆን ይችላል።

ከሦስቱ አንዱም ያን መስመር እያየ አልነበረም። አስናቀ ብዕሩን አውጥቷል። ዝም ማለት እችል ነበር። ለእናንተ መዋሸት አልፈልግም፤ ዝም ልል ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብያለሁም።

«አስናቀ፣ አትጻፍ» አልኩ። «ሁለተኛውን መስመር እይ። ሰላምንም በዚያው ሠ ነው የጻፈው። ፊደሉ ማስረጃ አይሆንም።»

«እትዬ!» ብዕሩን አወረደ። «አንቺ ለማን ነው የምትሟገቺው?»

«ለማንም።»

መሪጌታ ደኅናው ዐይናቸው እኔ ላይ እንደነበረ አሁን ነው ያየሁት። «ሌላ ምን ይለየዋል?» አሉኝ፤ መምህር ተማሪውን እንደሚጠይቅ።

«ተሳቢው» አልኩ። በየቅዳሜው የምማረው ግእዝ የመጀመሪያ ወር ትምህርት ነው። «ሰርቆ ከሆነ ብርሃን ተሳቢ ነው፤ በነ ይጨርሳል፣ ብርሃነ ይላል። ወጥቶ ከሆነ ግን ብርሃን ራሱ ባለቤት ነው፤ በን ይጨርሳል።»

አራታችንም ጎንበስ አልን። ብ፣ ር፣ ሃ። ከዚያ ቀጥሎ የምስር ፍሬ የምታክል፣ በዕድሜ የጠቆረች የሰም ጠብታ። መጨረሻዋ ፊደል ከሥሯ ነች።

«ከጧፍ የተንጠባጠበች ናት» አሉ መሪጌታ። «እኔ ስመጣም ነበረች።»

ጋሽ ደሴ ራሱን እያከከ «ጉድ ነው» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሰውየውን ያሰረችው ይቺ ናት?»

«ትነሣ» አልኩ።

«ቀለሙ ከሰሙ ጋር ቢነሣስ?» አሉ መሪጌታ። «ያን ጊዜ ለዘለዓለም የሚያውቀው የለም።»

«እንዲሁ ብንተወውስ?» አለ አስናቀ። «ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም እንጽፋለን። ሌባም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።»

«እንዲሁ ከተተወ ሌባ ነው» አልኩት። «እስከ ዛሬም እንዲሁ ተትቶ ነው ሌባ የሆነው።» ከዚህ በፊት በሰው ፊት እንዲህ ጮክ ብዬ የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም። «ነ ከሆነች ነ ብዬ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ። ግን ትታይ።»

መሪጌታ ከቀሚሳቸው ኪስ ብርዕ የሚቀርጹበትን ትንሽ ሰንጢ አወጡ። ደመናው ደርሶ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር፤ በረንዳው ጨለመ። «አይታየኝም» አሉና ከአትሮንሱ ሥር ጧፍ አውጥተው ለኮሱ። ሰሙን ለማንሣት ሁለቱም እጃቸው ያስፈልጋቸዋል። ጧፉን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ያዢልኝ፣ ልጄ።»

እጄ አልተነሣም። ሦስቱም አዩኝ። ነበልባሉ በነፋሱ ወደ እኔ ዘመም፣ ወደ እሳቸው ዘመም ይላል።

«ያዢ እንጂ» አለ አስናቀ።

«አልይዝም» አልኩ።

«ለምን?» አሉ መሪጌታ።

አባቴ ከእኔ ወዲያ አትለፊ ብሎኝ ነበር። አለፍኩ። «በዚህ አጥቢያ የማን ዘር ጧፍ እንደማይዝ ያውቃሉ፣ መሪጌታ። ምናለ ማን ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የወልደ ሐና ልጅ ልጅ ነው፤ እኔ ልጁ ነኝ።»

ዝናቡ በአንድ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የአስናቀ ፊት ቀላ። «እትዬ… እኔ በመኪና ውስጥ ያን ሁሉ…» አለና አቆመው። ሰሌዳው ላይ ሊጽፍ ያሰበው ትዝ ብሎት ይመስለኛል።

መሪጌታ እጃቸውን መለሱ። ጧፉን ለጋሽ ደሴ ሰጡት።

«ራቅ አድርገህ ያዘው» አሉት። «ሌላ ጠብታ ጨምረህ ደግሞ ሌላ ዘር እንዳታጠፋ።»

ጋሽ ደሴ ክንዱን እስኪንቀጠቀጥ ዘረጋ። መሪጌታ የሰንጢውን ስለት ከሰሙ ጠርዝ ሥር አስገቡ። ሰሙ ደርቆ ስለነበር አልቀለጠም፤ እንደ ቅርፊት ነው የሚነሣው። ትንሽ አንሥተው ይቆማሉ፤ ይተነፍሳሉ፤ ደግሞ ትንሽ ያነሣሉ። እኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቻለሁ። ከዚያም ሦስተኛ። ዐይኔን ወይራው ላይ ተክዬ የጣሪያውን ድምፅ መቁጠር ሞከርኩ፤ ዝናብ አይቆጠርም። ቆጠራውን ትቼ የአባቴን እጆች አሰብኩ፤ ጋቢው ውስጥ እንደተደበቁ።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ተነሣች» አሉ መሪጌታ።

«ቀለሙስ?»

«አላውቅም። ጥላሸት አለበት።» የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው ነክተው ቀስ ብለው አበሱት። ጎንበስ አሉና ቀና አሉ። «ዐይኔ አይረዳኝም። ነይ አንቺ አንብቢው።»

«አይሆንም፣ መሪጌታ» አልኩ። «እኔ ወገን ነኝ። የምፈልገውን ነው የማየው። እሱ ያንብብ።»

አስናቀ ግእዝ አያውቅም፤ ፊደል ግን ያውቃል፤ የሚፈለገው እሱው ነው። ነ እና ን የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ስብራት ነው። አፍንጫው ብራናውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ።

«እትዬ።»

«በል።»

«ን ናት።»

«ቀለሙ ሰፍቶ እንዳይሆን። አናቷን እይ።»

«ተሰብራለች። ን ናት፤ ሳድስ ናት። እትዬ ሙች፣ ን ናት!»

«ጋሽ ደሴ፣ አንተም እይ።»

ጋሽ ደሴ ጧፉን በቀኙ እንዳራቀ አንገቱን አሰገገ። «ንብ ብለን ስንጽፍ ያለችው ናት» አለ። «እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እሷን ግን አልስታትም።»

መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ ጮክ ብለው አነበቡት፤ እስከ ዛሬ እንደሚያነቡት ሳይሆን፣ እንደ አዲስ ተማሪ ቃል በቃል፤ «ሠረቀ… ብርሃን… በእደ… ወልደ ሐና።»

«ምን አድርጎ ይሆን?» አለ አስናቀ። «መብራት ሰጥቶ? መስኮት ከፍቶ?»

«ማን ያውቃል። አንዱን ያደረገ ሰው ነው» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሠላሳ ዓመት ይህን ገጽ ለሰው ሳሳይ ኖርኩ፤ ከዚህች ጠብታ በላይ ግን ዐይኔ ላይ ያለው ሰም ወፍሮ ነበር። ሰዎቹ ከዚያ ወይራ ሥር ሲቆሙ በየበዓሉ አያቸው ነበር፤ ልጄ።»

ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ተነሥተው ጧፉን ከጋሽ ደሴ ተቀበሉና ፊቴ ቆሙ።

«እንግዲህ ያዢ።»

ያዝኩት። ትኩስ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ አይደለም። ከእጄ በላይ ነው የሚነደው። ዝናቡ እስኪያባራ ይዤው ቆምኩ፤ ያኔ መሪጌታ እፍ ብለው አጠፉትና «የቀረውን ለአባትሽ አድርሺ» አሉኝ።

ሁለት ቦታ ይቀረን ነበር። አስናቀ ሳልጠይቀው «እነሱን ሌላ ቀን» አለ። የመመለሻውን መንገድ ሁሉ የቀረውን ግማሽ ጧፍ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ። ደብተሬን አንድም ጊዜ አልከፈትኩም፤ ይህንንም የነገረኝ ጋሽ ደሴ ነው።

አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠን፣ ሰላምን፣ ጠብታዋን፣ ከሥሯ የወጣችውን ፊደል። ፊደል ስለማያውቅ መሬቱ ላይ በጣቴ ነ እና ን ጻፍኩለትና የስብራቷን ቦታ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አያት። ያለቅሳል ብዬ ነበር።

«እና መብራቱን ማን ወሰደው?» አለኝ።

«አባዬ?»

«መብራት ነበረ ይላሉ፤ ጠፋ ይላሉ። እኛ ካልወሰድነው ማን ወሰደው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ ሌላ ሰው ላይ እንዳያደርጉት» አለና ጧፉን ሳይቀበለኝ ገባ። መደርደሪያው ላይ አኖርኩት፤ ወራት ተቀመጠ።

መሪጌታ በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናግረው ነበር፤ በስልክ ነገሩኝ። አንዳንዱ ተቀበለ፤ አንዳንዱ «አዲስ ነገር አመጡብን» አለ። ከወይራው ሥር ከሚቆሙት አንዲት ሴት በበዓሉ ጧፍ ይዛ መጥታለች፤ ሌሎቹ ገና ናቸው። ሰሌዳውም ተሠርቶ መጣ። ሠዓሊው በትልልቅ ፊደል፣ በሚያምር ቢጫ ቀለም፣ «ሰረቀ ብርሃን» ብሎ ጽፎታል፤ በእሳቱ ሰ። አስናቀ ከእኔ በፊት አይቶት ኖሮ ስደርስ ሰሌዳውን ወደ መኪናው እየመለሰው ነበር። «አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አለኝ። «እኔ ራሴ ነኝ የምመልሰው።»

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ፊደል አክብሩ ብዬ ልጨርስ እንደሆነ ጠርጥራችሁ ይሆናል። እሱንስ አክብሩ። እኔን እስከ ዛሬ የማያስተኛኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ነ ብትሆንስ ኖሮ? ወልደ ሐና በእርግጥ ሌባ ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ መቆሙ ልክ ሊሆን ነበር? ያን ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ የአባቴን ክብር በአንዲት ስብራት ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ያም ፍርድ መሆኑን አላስተዋልኩም። የልጅ ልጅ ጧፍ እንዳይዝ ማንም ብራና ላይ አልጻፈም፤ በነም በንም። ያን የጻፍነው እኛው፣ እርስ በርስ እየተያየን ነው። ስለዚህ በሰፈራችሁ፣ በዘመዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ ማስረጃ እስኪገኝ አትጠብቁ። የእኛ ን ባትገኝም አባቴ ጧፍ መያዝ ነበረበት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውን ስሕተት ሳርም እጄ ቀስ ይላል። ቀስ ይላል አልኩ እንጂ አላቆመም።

አንድ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባቴ መደርደሪያው ጋ ቆመ። «ያቺን ነገር አምጫት» አለኝ። አመጣኋት። ሰው መሐል፣ ከወንዶቹ በር አጠገብ ለኮስኩለትና ሰጠሁት። እንደ ዱላ ጨብጦ ያዛት። ጧፏ ወደ ጎን አዘነበለች።

«ቀና አድርጋት፣ አባዬ።»

«እጄ አታውቅበትም» አለኝ ዐይኑን ከነበልባሉ ሳይነቅል። «ትለምዳለች፤ ተያት።»

ሰሙ እጁ ላይ፣ ከዚያ ነጩ ጋቢው ላይ ጠብ አለ። ቀና ብዬ አየሁት። ጠብታውን ከጋቢው ላነሣ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።